ኔክስትክላውድ በዶከር፦ በዊንዶውስ ላይ የዳታ ፎልደር ፈቃድ ችግር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኔክስትክላውድን (በራስ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማከማቻና ማጋሪያ የሚሆን ሶፍትዌር) በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስነሳ መሣሪያ) ያለ ችግር የጫንኩ ቢሆንም፣ ያንኑ የኮምፖዝ ፋይል (የዶከር ማስነሻ ቅንብር የተጻፈበትን) በዊንዶውስ 11 ላይ ሳስነሳው የዳታ ፎልደሩ በሌሎች ተጠቃሚዎች ሊነበብ እንደሚችል ገልጾ አልሠራም ይላል። ፎልደሩ ያለው በዲ ድራይቭ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ይህ ኮንቴይነር የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ነው፤ ኡቡንቱ የራሱን ከርነል ሲጠቀም፣ ዊንዶውስ ግን በደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ በሚያስነሳው ክፍል) አማካይነት በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ያስነሳዋል። ከዊንዶውስ ድራይቭ የተያያዘ ፎልደር የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ በትክክል ስለማይዝ፣ ኔክስትክላውድ የሚጠይቀውን 0770 ፈቃድ (ለባለቤቱና ለቡድኑ ብቻ የሚፈቅድ) ለመስጠት ቢሞክሩም አይጸናም። በዲ ድራይቩ ፎልደር ፋንታ ዶከር ራሱ የሚያስተዳድረውን ቮልዩም (የዳታ ማከማቻ) ይጠቀሙ፤ ፍጥነቱም ይሻሻላል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ቮልዩሙ በተለምዶ የሚቀመጠው በሲ ድራይቭ ባለ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ በቂ ቦታ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከዚህም በላይ ዶከር ዴስክቶፕ (ዶከርን በዊንዶውስ ላይ የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳው ተጠቃሚው ሲገባ በመሆኑ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቢበራም አገልግሎቱ ሰው እስኪገባበት ድረስ አይመለስም። ለቢሮ ከሆነ ኡቡንቱው ላይ ቢተዉት ይሻላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ማክ ላይስ?

መልስ 1፦ እዚያም በቨርቹዋል ማሽን ነው የሚሠራው፤ የአፕል ቺፕ ካለው ለኤአርኤም (ለዚህ ቺፕ ዓይነት) የተዘጋጀ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) መኖሩን ይመልከቱ።