አንድ ቲን፣ አራት ቦታ፦ ኤስኤፒ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ካምፓኒ ኮድ ይከፈትለት?

ሂሳብ_ክፍል፦
ሰላም ቤተሰብ። አስመጪና አከፋፋይ ነን። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለን፣ ቲን ቁጥራችን ግን አንድ ነው። ኤስኤፒ (ሂሳቡን፣ ዕቃውንና ሠራተኛውን በአንድ ላይ የሚይዘውን ሶፍትዌር) ልናስገባ ነውና የሚሠሩልን ልጆች "ለየቅርንጫፉ የራሱን ካምፓኒ ኮድ እንክፈት፣ ሪፖርቱ ጥርት ይላል" እያሉ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆቹም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልክ ናቸው?

የድሮ_ኮንሰልታንት፦
ኧረ በፍጹም! ካምፓኒ ኮድ ማለት ኤስኤፒ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሙሉ ሂሳብ የሚያዝበት ነው፤ የሚከፈተውም የራሱ ባላንስ ሺት (የንብረትና የዕዳ መግለጫ) ለሚወጣለት፣ በሕግ ራሱን ለቻለ ድርጅት ነው። ለእናንተ አንድ ይበቃል። ቅርንጫፎቹን ፕላንት አድርጓቸው። ስሙ ፋብሪካ ያስመስለዋል እንጂ ዕቃ የሚያከፋፍል ቅርንጫፍም ፕላንት ይሆናል፣ መጋዘኖቹ ደግሞ በሥሩ ስቶሬጅ ሎኬሽን ይባላሉ።
ለምሳሌ 200 ካርቶን ሳሙና ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ላካችሁ እንበል። አንድ ካምፓኒ ውስጥ ከሆናችሁ ዝውውር ነው፣ ከዚህ ተቀንሶ እዚያ ይገባል፣ አለቀ። ካምፓኒው ከተለያየ ግን ነገሩ ሽያጭ ይሆናል፤ አንዱ ኢንቮይስ ይቆርጣል፣ ሌላው ዕዳ ይመዘግባል፣ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ እርስ በርስ የተሻሻጣችሁትን አንድ በአንድ ስታጣፉ ታመሻላችሁ።

ሂሳብ_ክፍል፦
እሺ ገባኝ። ግን አለቃዬ የየቅርንጫፉን ትርፍና ኪሳራ ይፈልጋል፣ ያ ከየት ይመጣል?

የድሮ_ኮንሰልታንት፦
ከፕሮፊት ሴንተር። ለሐዋሳ አንድ ክፈቱ፣ ሽያጩም ወጪውም እዚያ ይታያል። ኮስት ሴንተር የሚይዘው ወጪ ነው፣ የሱቁን ኪራይ፣ የጥበቃውን ደሞዝ። እሱን ከፕሮፊት ሴንተሩ ጋር ታያይዙታላችሁ።

የሰው_ኃይል፦
እኔም ልጨምር። የግድግዳውን ኦርጋኖግራም (የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ሥዕል) አንስታችሁ ፋይናንሱ ላይ እንዳትለጥፉ፣ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ጋር ነው። ኤስኤፒ የሥራ ክፍልን፣ የሥራ መደብንና ሰውን ለየብቻ ነው የሚይዘው። የግዢ ኃላፊው ቢለቅ መደቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ የማጽደቅ ሥልጣኑ በመደቡ ከተሰጠ ተተኪው ሲመደብ አብሮ ያገኘዋል። መምሪያ ደግሞ በየጊዜው ይታጠፋል፣ ይዋሃዳል። የሥራ ክፍልን ከዚህ ቀን ጀምሮ ብሎ ወደ ሌላ ማዛወር ቀላል ነው፣ ሂሳብ የተመዘገበበትን ካምፓኒ ኮድ ግን ልሰርዝ ብትል አበሳህን ነው የምታየው። አንዳንድ ሻጭ ይህን እያወቀ ዝም ይላል፣ ያናድዳል።

ሰኔ30፦
የበጀት ዓመቱንም ካሁኑ ንገሯቸው፣ እሱም የሚታሰረው ካምፓኒ ኮዱ ላይ ነው። ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ በፈረንጅ ጁላይ 8 ነው፣ ጁላይ 1 አይደለም። የመጀመሪያው ወር ኦገስት 6 ያልቃል። ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር ትሁን ወይ ከመስከረም፣ ሲስተሙ ሳይከፈት ወስኑ።