«የሚከፍለው እንግዳው ነው» ስለተባለው የአልጋ ግብር

ጅሬን፦ ትናንት ጅማ ላይ የአልጋ ግብር (ሆቴልና ፔንስዮን ከሚያድር ሰው ከአልጋ ዋጋው ጋር የሚሰበሰብ ግብር) ይጣል ያለው ወንድማችን «የሚከፍለው እንግዳው ነው፣ ነዋሪውን አይነካም» ብሎ ዘጋው። የቱ እንግዳ? እዚህ የሚያድረው ሁሉ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ የመጣ ነው? ሪፈራል ሆስፒታል ሰው አስተኝቶ ፔንስዮን የሚያድረው አስታማሚስ? ቡና ሊጭን የመጣው ሹፌርስ?

ሒርማታ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። እንግዳው ለተጠቀመበት ውሃና ለጣለው ቆሻሻ ነዋሪው ለምን ብቻውን ይክፈል? አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ያሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ከአልጋ ይሰበስባሉ፤ እኛ ለምን አንሰበስብም?

አዌቱ፦ ኦሪገንን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ፣ ከዚያ ወዲህ የተጣለ አዲስ የከተማ አልጋ ግብር ቢያንስ 70 በመቶው ለቱሪዝም ማስተዋወቂያ ወይም ለቱሪዝም መገልገያ መዋል እንዳለበት ተደነገገ። መገልገያ የሚባለውም የስብሰባ አዳራሽ፣ የጎብኚዎች መረጃ ማዕከል ወይም ቱሪዝምን የሚደግፍ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያገለግል ግንባታ ነው። ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስ፣ ለቆሻሻ የቀረው 30 በመቶ ነው። እንግዳ በማስታወቂያ እየጠሩ ቆሻሻውን የሚያነሳ መኪና ማጣት ማለት ይህ ነው።

ሒርማታ፦ እንግዲያው ድርሻውን ገልብጠን እንጻፈው፤ 70 ለጽዳትና ለውሃ፣ 30 ለቤተ መንግሥቱ እንጨት እድሳት። የእነሱ ስህተት እኛን ከመሰብሰብ አይከለክለንም።

ቦዬ፦ መጀመሪያ ሒሳቡ ይሠራ። አልጋ 1,000 ብር፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፤ 1,265 ብር። 5 በመቶ የአልጋ ግብር በመነሻ ዋጋው ላይ ታስቦ ከቫት በኋላ ከተደመረ 1,315 ነው። ካሽ ሬጂስተሩ ከቫት በፊት ከደመረው ግን ቫቱ ግብሩንም ይይዘዋል፤ 1,322 ብር ከ50 ሳንቲም። ደንቡ ይህን ካልለየ አንዱ ሆቴል እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያስባል። ቫት የማይሰበስበው ፔንስዮን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ በመቶኛው ይቅር፤ በአልጋ ቁርጥ ያለ ብር ይሁን። መታወቂያ የሚመዘገብበት የእንግዳ መዝገብ አለ፣ ከእሱ ይቆጠር።

ጅሬን፦ እህቴ፣ 20 ብር ቁርጥ በ2,000 ብር አልጋ ላይ 1 በመቶ ነው፤ በ200 ብር አልጋ ላይ 10 በመቶ። ከአልጋው ዋጋ አንጻር አስር እጥፍ የሚከፍለው አስታማሚው ነው። ሒርማታ፣ «እንግዳው» ያልከው እሱን ነው?

ሒርማታ፦ ከ300 ብር በታች ያለ አልጋ ነጻ ይሁን።

ቦዬ፦ ያኔ 350 ብር የነበረው ሁሉ ደረሰኝ ላይ 299 ይሆናል። መዝገቡ ሰውን እንጂ ዋጋን አይጽፍም።

አዌቱ፦ ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ማን ነው የሚጥለው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 ለፌዴራልም ለክልልም ተለይቶ ያልተሰጠ የግብር ሥልጣን በሁለቱ ምክር ቤቶች፣ በሕዝብ ተወካዮችና በፌዴሬሽን፣ የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚወሰነው። ከተማ ብቻውን ተነስቶ አይጥልም።

ሒርማታ፦ ግብር አይባል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይባል። ክልል ለሚሰጠው አገልግሎት ማስከፈል በአንቀጽ 97 ይችላል።

አዌቱ፦ ስሙን ስለቀየርክ ነገሩ አይቀየርም። ክፍያ ከሆነ በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው፤ ለቤተ መንግሥት እድሳት ያልከው 30 በመቶ ወዲያው ወደቀ።

ሒርማታ፦ ይውደቅ። 70ው ይበቃኛል።

ጅሬን፦ ከበቃህ አገልግሎቱን አሳየን። አስታማሚው የሚያድርበት ፔንስዮን ደጃፍ ያለው ቆሻሻ በሳምንት ስንት ቀን ይነሳለታል?