ለመኪና ኪራይ የከፈልነውን ገንዘብ ስለማስመለስ

በሐዋሳ የምንማር አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድን በኬንያው የማርሳቢት ብሔራዊ ፓርክ ለማሳለፍ አስበን፣ ሞያሌ ለሚኖር የመኪና አከራይ 24,000 ብር በባንክ ልከን፣ ዓርብ ንጋት ተነሥተን በዲላና በያቤሎ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝን። ኬንያ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ስለምትጠይቅ፣ አራት ወር ብቻ የቀረው ጓደኛችን ድንበሩ ላይ ተከለከለ፤ እርሱን ትቶ መሻገርም ለማናችንም አልሆነልንም። ከቀለባችን ቀንሰን ያጠራቀምነው ገንዘብ ስለነበር እጅግ አዝነናል። አከራዩን በአካልም በስልክም ብንጠይቀው፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ «ቀብድ አይመለስም» አለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚያጣ ይናገራል። ይሁን እንጂ የጽሑፍ ውል የለንም፤ የባንክ ደረሰኛችን ላይ የሰፈረውም «የኪራይ ግማሽ ክፍያ» የሚል ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ገንዘብ በሕግ ፊት የሚቆጠረው እንደ ቀብድ ነው ወይስ ሊመለስልን እንደሚገባ ቅድሚያ ክፍያ?