ቅዳሜ የማሳያ ትምህርት አለብኝ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

የምኖረው ደሴ ነው። በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ፤ የመምህርነት ሥልጠናውን ግን አልወሰድኩም። ጠዋት ጠዋት እናቴን ስለማስታምም የምፈልገው የትርፍ ሰዓት ማስተማር ብቻ ነው።

ዓመት ከአራት ወር ፈለግሁ። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን የግል ትምህርት ቤቶች አንኳኩቻለሁ፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻም ማስረጃዬን አስገብቻለሁ። አብዛኞቹ ሙሉ ቀን የሚሠራ ነው የሚፈልጉት። አንዱ ብቻ ለቅጥር ፈተና የማሳያ ትምህርት እንድሰጥ ጠራኝ። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በ20 ደቂቃ አስተምሪ አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ተማሪ የለም፤ ሦስት መምህራን ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ደነገጥኩ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቀመር ስጽፍ፣ ሳሰላ ሰዓቱ አለቀ። «ተማሪ አላሳተፍሽም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን እናቴ «አብሽሪ» ባትለኝ ኖሮ ፍለጋውን እተወው ነበር።

አሁን ሌላ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ጠርቶኛል። አሁንም 20 ደቂቃ ነው፣ ርዕሱ ሰበቃ። ጣውላ፣ ትንሽ የእንጨት ቁራጭና ብርጭቆ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ጣውላው ባዶ ሲሆን እንጨቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሳዘነብለው ይንሸራተታል፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ሳለብሰው ግን እስከ 35 ድረስ ንቅንቅ አይልም። ለሰፈር ልጆች ባሳያቸው ቀመሩን ሳልጽፍ ገባቸው።

የጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ፈተና ያለፋችሁ ወይም የፈተናችሁ መምህራን፣ ፈታኞቹን እንደ ተማሪ ቆጥሬ ጥያቄ ብጠይቃቸውና ጣውላውን ራሳቸው እንዲያዘነብሉት ብሰጣቸው እንደ ድፍረት ይቆጠርብኛል?