ኤፍቲኦ መስታወት ላይ ቲን ኦክሳይድ ጭረት ያወጣል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ቀሃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው ጎንደር ነው፤ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ኤፍቲኦ መስታወት ላይ የፔሮቭስካይት የፀሐይ ሴል እሠራለሁ። ኤሌክትሮን ለሚያሳልፈው ንብርብር 15 በመቶውን የቲን ኦክሳይድ ኮሎይድ (ውሃ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ቅንጣት) 1 ለ 5 በውሃ አቅጥኜ፣ መስታወቱ ላይ አንጠባጥቤ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ለ30 ሰከንድ አሽከረክርና 150 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አደርቃለሁ። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሮጡ ጭራ ያላቸው ጭረቶች ይወጣሉ። ብርሃን የሚውጠው ፔሮቭስካይትና ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚያሳልፈው ስፓይሮ ተደርበው ሲለካ ቮልቴጁ 0.85 ላይ ይቀራል፤ ፊል ፋክተሩም (የሴሉ ከፍተኛ ኃይል ከቮልቴጁና ከከረንቱ ብዜት ያለው ድርሻ) 50 በመቶ አይሞላም። የክረምቱ እርጥበት ይሆን?

አንገረብ፦
ለዚህ ንብርብር እርጥበቱን ተወው፤ ኮሎይዱ ራሱ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። የጭራውን መነሻ በማይክሮስኮፕ እየው፣ አንዲት ቅንጣት ተቀምጣ ታገኛለህ። ወይ አቧራ ናት ወይ የጓጎለ ኮሎይድ። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሠርቶ ከነበረ ጣለው፣ አይመለስም። ማቅጠኛው ዲአዮናይዝድ (ጨው የወጣለት) ውሃ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ያጓጉለዋል። ከማንጠባጠብህ በፊት በ0.45 ማይክሮን አጣራው።

መስታወቱን በሳሙና፣ በውሃ፣ በአሴቶን፣ በአይሶፕሮፓኖል እያንዳንዱን 15 ደቂቃ አልትራሶኒክ ውስጥ እጠበው። አሴቶን ላይ ማሞቂያውን አጥፋ፤ በእኛ ከፍታ ከ50 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይፈላል። ከዚያ ዩቪ ኦዞን (በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦዞን ማጽዳት) 15 ደቂቃ፣ ወጥቶ ሳይቆይ ማሽከርከር። የውሃ ጠብታ ተዘርግታ ካልተኛችና ከተንከባለለች መስታወቱ ገና አልጸዳም።

የማራኪ ልጅ፦
አንገረብ ያለው ጭረቱን ይፈታል፣ ቮልቴጁን ግን ላይፈታ ይችላል። ኤፍቲኦ ሸካራ ነው። የኮሎይዱ ንብርብር ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ስለሆነ ጫፎቹ ተገልጠው ፔሮቭስካይቱን በቀጥታ ይነካሉ። አይቲኦ (ለስለስ ያለ ሌላ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መስታወት) ካለህ በእሱ ሞክርና አወዳድር። ከሌለህ በላዩ በኬሚካል መታጠቢያ (መስታወቱን ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ቲን ኦክሳይድ እንዲያድግበት በማድረግ) ሌላ ንብርብር ደርብበት፦ 400 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ዩሪያ፣ 100 ማይክሮሊትር ቲዮግላይኮሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊሊትር ባለ 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በመጨረሻ 1.08 ግራም ቲን ክሎራይድ ዳይሃይድሬት። 70 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት፣ አጥቦ 180 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት። ዕቃውን ትልቅ የውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጠው፣ መብራት ሲሄድ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጭስ ማውጫ ሥር ካልሠራህ ሽታው ልብስህ ላይ ያድራል።

ክረምቱን የምትፈራው ስፓይሮ ላይ ነው። ውስጡ ያለው የሊቲየም ጨው እርጥበት ይጠጣል፣ ፊልሙም ቀዳዳ ያወጣል። ጨውን ደረቅ ሳጥን ውስጥ መዝነው። የተሠራውን ሴል ሲሊካ ጄል ባለበት ጨለማ ሳጥን ውስጥ አሳድረው፤ አየሩ ደረቅ ይሁን እንጂ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ቀሃ፦
እናመሰግናለን። ማጣሪያው ቴፍሎን ነው፤ ሲሪንጁን ብገፋም ኮሎይዱ አያልፍም።

አንገረብ፦
ቴፍሎን ውሃ አያሳልፍም። ለኮሎይዱ ናይለን ተጠቀም፣ ቴፍሎኑን ለስፓይሮው ክሎሮቤንዚን አቆየው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች ድፋ።