«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንትስ?

ማመልከቻ ጻፊዋ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ «ከሳሽ»፣ «ተከሳሽ» ስጽፍ እውላለሁ። ሰሞኑን ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ባለጉዳዮች በትራምፕ ክስ ላይ ክርክር ገጠሙ። አንዱ «የአሜሪካ ዳኞች ፕሬዚዳንቱን ከወረደ በኋላ እንኳ አትነኩትም ብለዋል፤ ድሮም ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው» አለ። ሌላው «ንጉሥ ማን አደረገው?» ብሎ ቱግ አለ። ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ ተረቱ በትክክል ምን ማለት ነው? በየዜናው «ያለመከሰስ መብት» ከሚባለው ጋርስ አንድ ነው?

የዘጌው፦
በእኛ በዘጌማ ምድሩም አይታረስም። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በሬ እንዳይጠመድ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ይባላል፤ እኛም በቡናና በጌሾ እንኖራለን። ስለዚህ ተረቱን ሰምተን አንደነግጥም። የቀረውን የኔታ ይበሉበት።

የኔታ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ «አይከሰስ» የምትለዋን እንያት። ዛሬ አንድ ሰው «አይከሰስ» ቢልሽ ትእዛዝ ነው፤ «እንዳትከሱት» ማለቱ ነው። ተረቱ ውስጥ ግን ትእዛዝ አይደለም። መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ቤት ለመምታት ተገድፋ ነው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ» ስንል «አይዘሉም፣ አይሰበሩም» ማለታችን አይደል? ይኸም እንደዚያው ነው። ሰማይ አይታረስም፤ ሞፈር አይደርስበትም። ንጉሥም አይከሰስም፤ ማን ፊት ቆሞ ይከሰሳል? በዚያ ዘመን የዳኞቹ አለቃ «አፈ ንጉሥ» ነበር፤ የንጉሡ አፍ። የመጨረሻው ይግባኝ የሚሰማው ዙፋን ችሎት ነበር፤ እዚያም የሚቀመጠው ራሱ ንጉሡ ነበር።

እንግዲህ ተረቱ የሚያወራው ስለ አለመቻል ነው። «ያለመከሰስ መብት» ሌላ ነገር ነው። እዚያ ችሎት አለ፣ ከሳሽ አለ፣ መክሰስም ይቻላል። ሕጉ ራሱ ነው «ይኸን ሰው ለጊዜው ተዉት» ያለው። የሰጠ ደግሞ ይነሣል።

የሕግ ተማሪው፦
የኔታ ያሉትን ግሱም ይመሰክራል። «ያለመከሰስ መብቱ ተነሣ» እንላለን። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም። ምክር ቤቱ ከፈቀደ ግን ይከሰሳል። «ንጉሥነቱ ተነሣ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የዘጌው፦
«ከለላ» ብንለውስ? አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል።

የሕግ ተማሪው፦
ከለላማ ለስደተኛም ለምስክርም ይሰጣል። ለወሬ ይሁን፣ ለማመልከቻ ግን አይሆንም።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። የሁለቱ ባለጉዳዮች ጠብ በ«ሕግ» ላይ አይመስለኝም። ጠቡ «ንጉሥ» እና «ሹም» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው።

ሹም ይሾማል፣ ይሻራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስለ ሆዳምነት ብቻ አድርገን እንወስደዋለን። ውስጡ ግን አንድ ነገር እንደ ዋዛ ታልፏል፤ መሻር እንደማይቀር። ሹም ሁሉ አንድ ቀን «የቀድሞ» ይሆናል። ንጉሥ ግን በአማርኛችን «የቀድሞ» የሚባል ነገር አልነበረውም። ወይ ይሞታል፣ ወይ ይመነኩሳል። ጣናን ተሻግራችሁ ዳጋ እስጢፋኖስ ብትሄዱ የአፄ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት አጽም እዚያ አርፏል። ከዙፋን ወርዶ፣ መታወቂያ አውጥቶ፣ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ንጉሥ ግን ተረታችን አያውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ «የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት» የሚለው በሬዲዮ የተለመደው በ1967 ነው። መስከረም 2 ቀን ጃንሆይን በቮልስዋገን ይዘዋቸው ሄዱ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር ነበር። በዚያው በ1967 ኅዳር 14 ስልሳ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሹማምንታቸው፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። እሳቸውም ከእስር ሳይወጡ ሞቱ እንጂ አንድ ቀን ችሎት ፊት አልቀረቡም። ሰማዩም አልታረሰ፣ ንጉሡም አልተከሰሱ። ተረቱ እንዲህ ሲፈጸም ማየት ደስ አይልም።

ማመልከቻ ጻፊዋ፦
ጋሼ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምስ? እሳቸውም ፕሬዚዳንት ተብለው ነበር።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
አዎ፣ እስከ 1983። እሳቸው ተከሰዋል፤ «በሌሉበት» ታይቶ። በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ሰውየው ዚምባብዌ ናቸው፣ ፍርዱ እዚህ ነው። ያም ሆኖ በአማርኛ «የቀድሞ ፕሬዚዳንት ተከሳሽ» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ያኔ ነው።

የሕግ ተማሪው፦
የአሜሪካውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የጋሼ ንጉሥና ሹም ልክ እዚያ ላይ ነው የሚገቡት። ትራምፕ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የ2020ውን የምርጫ ውጤት ለመቀልበስ ሞክረዋል ተብለው በአራት ክስ ተከሰሱ። ጠበቆቻቸው «ፕሬዚዳንት ሳሉ ለሠሩት አይከሰሱም» አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2024 አልተቀበለም፤ ለዚህ ክስ ሲባል ፕሬዚዳንት ትራምፕ «ዜጋ ትራምፕ» ሆነዋል አለ። ሹም ተሽሯል ማለቱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሐምሌ 1 ቀን 2024፣ ስድስት ለሦስት፣ ነገሩን ሦስት ቦታ ከፈለው። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱ ብቻ በሰጠው ዋና ሥልጣን ፈጽሞ አይከሰስም። በሌላው የሥራ ተግባሩ አይከሰስም ተብሎ ይገመታል። በግል ሥራው ግን እንደማንኛችንም ይከሰሳል።

ማመልከቻ ጻፊዋ፦
«ይገመታል» ያልከው ላይ ቆምኩ። ግምት ማለት መላ ምት አይደለም እንዴ?

የሕግ ተማሪው፦
በሰፈር አማርኛ አዎ። በሕግ አማርኛ ግን «የሕግ ግምት» ጠንካራ ነገር ነው። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት ይያዛል። እዚህ ጉዳይ ላይ ማፍረስ ወይም ማስተባበል የከሳሹ ሥራ ነው። ስትጽፊው «እስኪስተባበል ድረስ» የምትለዋን ካከልሽ ማንም አይሳሳትም።

የሚገርመው ግን ሁለቱም ወገን አንድ ሐረግ መጠቀማቸው ነው። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የአብላጫውን ሲጽፉ ፕሬዚዳንቱ ከሕግ በላይ አይደለም አሉ። ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው ፕሬዚዳንቱ በሥራ ሥልጣኑ ሲጠቀም አሁን ከሕግ በላይ የሆነ ንጉሥ ነው አሉ። ንጉሥ! ያንቺ ሁለት ባለጉዳዮች እንግዲህ ዋሽንግተንም ነበሩ።

የኔታ፦
ወይ ጉድ።

የዘጌው፦
ፈረንሳይስ? የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ ታስሮ አልነበር?

የሕግ ተማሪው፦
ታስሯል፣ በጥቅምት 2025፤ ሦስት ሳምንት ግድም ቆይቶ ይግባኙ እስኪታይ ተለቀቀ። ፈረንሳዮች አንድ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ዘመኑ አይከሰስም፣ ከወረደ ከአንድ ወር በኋላ ግን በሩ ይከፈታል ብለው በሕገ መንግሥታቸው ጽፈዋል። ይኸ ጥርት ያለ ሹም ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የቀድሞ ፕሬዚዳንቷን ጃኮብ ዙማን እ.ኤ.አ. በ2021 በ«ችሎት መድፈር» 15 ወር ፈርዳበታለች።

የኔታ፦
«መድፈር» ስትል ጆሮዬ ቆመ። አያችሁ፣ በድሮው ሕገ መንግሥት የማይደፈረው ንጉሡ ነበር። አሁን የማይደፈረው ችሎቱ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ባለቤቱ ተለወጠ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
የኔታ፣ ይችን ከእርስዎ ሰርቄ ነው የምሄደው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከክስ ያዳኑበትን ነገር ጋዜጦቻችን አንዴ «ይቅርታ»፣ አንዴ «ምሕረት» ይሉታል። በእኛ ሕግ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይቅርታ የሚሰጠው ተፈርዶበት ፍርዱ ላለቀ ሰው ነው። ምሕረት ግን ክስ ሳይጀመርም ሊመጣ ይችላል፤ ሕግ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙ ሰው ይነካል። ኒክሰን ገና አልተከሰሱም ነበር። ሰጪው ግን አንድ ሰው፣ ተቀባዩም አንድ ሰው ነው። በእኛ ሚዛን ከወገቡ በላይ ይቅርታ፣ ከወገቡ በታች ምሕረት ነው። እኔ «ይቅርታ» ብዬ «ክስ ሳይመሠረት» የሚል እጨምርበታለሁ። ደግሞም ማንም ሊከሳቸው የማይችል ቢሆን ኖሮ ኒክሰን ይቅርታውን ምን ሊያደርጉት ተቀበሉት? የአሜሪካ ተከራካሪዎችም ይኸንኑ ጠይቀዋል።

ማመልከቻ ጻፊዋ፦
አመሰግናለሁ፤ ለባለጉዳዮቼ እነግራቸዋለሁ። የመጨረሻዬን ልጠይቅ። የምርጫው ክስ መጨረሻው ምን ሆነ? አንዱ «ነፃ ወጣ» ሲል ሰምቻለሁ።

የሕግ ተማሪው፦
«ነፃ ወጣ» አይባልም። በኅዳር 2024 ተመልሰው ሲመረጡ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ክሱ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም የሚል አሠራር ስላላቸው። ስለዚህ «ክሱ ተቋረጠ» ነው የሚባለው። ነፃ ለመውጣት ማስረጃ ተሰምቶ መፈረድ አለበት። የኒው ዮርኩ የሐሰት የንግድ ሰነድ ክስ ደግሞ ለብቻው ነው፤ እዚያ በግንቦት 2024 በ34 ክስ ጥፋተኛ ተብለዋል። በጥር 10 ቀን 2025 ግን ዳኛው እስርም መቀጮም ሳይጥሉ ጉዳዩን ዘጉት።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
እሱን «ጥፋተኛ ተብለው ያለ ቅጣት ተሰናበቱ» ብለሽ ጻፊው።

ማመልከቻ ጻፊዋ፦
«ተሰናበቱ» ሲባል ከሥራ የተባረሩ አይመስልም ጋሼ?

የሕግ ተማሪው፦
እንዲያውም በአሥረኛው ቀን ነው ፕሬዚዳንት ሆነው ሥራ የገቡት።