የምንጊዜም ተወዳጅ ጊታር ተጫዋቾቻችሁን በምን መለኪያ ትመርጣላችሁ?

ጥያቄ፦
የምንጊዜም ምርጥ የምላቸውን አምስት ጊታር ተጫዋቾች ለመምረጥ ተቀምጬ፣ ከጂሚ ሄንድሪክስ በኋላ እጄ ተያዘ። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ ይጫወት የነበረው ይህ ሰው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሞት ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ የእሱን ቦታ አልጠራጠርም። የቀሩትን ግን በፍጥነታቸው ልምረጥ ወይስ ከጊታራቸው በሚያወጡት ድምፅ?

መልስ 1፦
ፍጥነትን ብቻ መለኪያ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ቢ. ቢ. ኪንግን ልብ ብለው ያዳምጡ፤ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፣ ድምፁ ሲያርፍ ደግሞ ጊታሩ ይቀበለዋል። አንዲት ኖታ ይዞ የግራ እጁን አንጓ ሲያርገበግብ፣ ሌላው በሃያ ኖታ ያልተናገረውን እሱ በዚያች በአንዷ ይናገራል። እኔ ይህንኑ እንቅስቃሴ ለዓመታት ተለማምጄዋለሁ፤ ክሩ ይርገበገባል እንጂ ያ ድምፅ አይወጣም።

መልስ 2፦
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጃንጎ ራይንሃርት ሊዘነጋ አይገባም። በ1928 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የእሳት አደጋ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ክፉኛ በመጎዳታቸው፣ እነዚያን የሚፈስሱ የጃዝ ሶሎዎች በአብዛኛው የተጫወታቸው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው። ፍጥነትም ድምፅም በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ማየት ከፈለጉ እሱን ያስቀድሙ።

መልስ 3፦
ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ማንም አለማንሳቱ አሳዝኖኛል። ሮክ ኤንድ ሮል ስም ሳያገኝ በፊት የመንፈሳዊ መዝሙር ዜማን በኤሌክትሪክ ጊታር ታስጮህ የነበረችው እሷ ናት፤ ከአምስቱ አንዱ ቦታ ይገባታል።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ሦስቱንም ጨምሬአለሁ፤ ለአምስተኛው ቦታ ኦክታቮችን (አንዱን ኖታ በወፍራምና በቀጭን ድምፅ በአንድ ላይ) በአውራ ጣቱ ይመታ የነበረውን ዌስ መንትገምሪን እያሰብኩ ነው።